የአንባቢያን ጥያቄ፦ በአሮጌ የወርቅ ቁፋሮዎችና በወንዝ ዳር አንድ ቀን መዋል

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ አንድ ዓይነት የቀን ጉዞ ይጠይቃሉ፦ ወርቅ ወጥቶባቸው የተተዉ ቦታዎችን በእግር መጎብኘት፣ ወንዝ ተከትሎ መሄድ፣ ከተፈቀደም ጥቂት አሸዋ ማጠብ። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ብንነሳ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ያሰባችሁት ሰዓት ለደህና መንገድ ይሠራል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው የታወቀ ስሌት ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይመድባል። የሚንከባለል ድንጋይ በሞላበት የወንዝ ወለል ላይ ግን በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ደህና ሄዷል።

ስለዚህ ርቀቱን በመንገዱ ዓይነት ከፋፍሉት። ከ10 ኪሎ ሜትሩ 4ቱ የወንዝ ወለል፣ 6ቱ ቀጭን የእግር መንገድ፣ አቀበቱም በጠቅላላ 300 ሜትር ነው እንበል። የወንዙ ወለል 2 ሰዓት ይወስዳል፤ የእግር መንገዱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 1 ሰዓት ተኩል፤ አቀበቱ ግማሽ ሰዓት። ይህ 4 ሰዓት ነው። ለማየት፣ ለምሳና ለፎቶ 2 ሰዓት፣ መንገድ ቢጠፋባችሁ ወይም አንድ ሰው ቢያነክስ ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ጨምሩ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። አሁን ከፀሐይ መጥለቂያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ መነሻችሁን ወስኑ። የመመለሻ ሰዓትም ቤት ሳላችሁ ቁረጡ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ካሰባችሁት ቦታ ባትደርሱም ትዞራላችሁ። እዚያው ሆናችሁ ልወስን ካላችሁ «እስከዚያች ኩርባ ብቻ» እየተባለ ይመሻል።

ምርጫ ካላችሁ በጠዋቱ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ ምንጭ አቅጣጫ ሂዱ። ቁልቁል ጀምሮ ደክሞት ሽቅብ የሚመለስ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በመጨረሻው አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። ሸለቆ ውስጥ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል መንገዳችሁን፣ መኪና የምታቆሙበትን ቦታና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን» የምትሉበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጽፋችሁ ተዉለት። ውሃ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ፣ ሁሉንም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከወንዙ የማይጠጣበትን ምክንያት ከታች እንመጣበታለን።

ጥያቄ፦ የቁፋሮ ቦታው ላይ ደርሰን ያየነው የድንጋይ ክምርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ሌሎች «ብዙ አየን» የሚሉት ምኑን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ «ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወርቅ ከአሸዋ የሚለየው በውሃ ስለሆነ ቆፋሪዎቹ ጉልበታቸውን ግማሽ ያህል ያፈሰሱት ውሃ በማምጣት ላይ ነበር። አሻራው ዛሬም ከራሱ ከጉድጓዱ በላይ ይታያል።

ከወንዙ ጀምሩ። በእጅ የተደረደሩ፣ ከራስ ቅል እስከ በርሜል የሚያህሉ ድንጋዮች በረድፍ ቆመው ካያችሁ ወንዙ የጣላቸው አይደሉም። ወንዝ ድንጋይን ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ አጋድሞ ይተወዋል፤ ግድግዳ አድርጎ አይክብም። ቆፋሪዎቹ ትልልቁን ድንጋይ እያነሱ ወደ ጎን የከመሩት ደቃቁ ጠጠርና አሸዋ ብቻ በማጠቢያው የእንጨት አሸንዳ እንዲያልፍ ነው። በሁለት ክምር መካከል ያለችው ቀጥ ያለች ጠባብ ቦይ ቆሻሻው ውሃ የወጣባት መንገድ ናት። እሷን ወደ ላይ ተከተሉ፤ ማጠቢያው ከነበረበት ታደርሳችኋለች።

ከዚያ ቀና ብላችሁ የተራራውን ጎን ተመልከቱ። ቁጥቋጦው መሐል እንደ ክር የተዘረጋች፣ ተራራው ሲታጠፍ አብራ የምትታጠፍ፣ ለመንገድ ግን የጠበበች መስመር ካለች የውሃ ቦይ ናት። ቁልቁለቷ በኪሎ ሜትር ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ለዓይን ሜዳ ትመስላለች። በቀትር ብርሃን አትታይም፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ፀሐይ ሲያጋድል ግን ጥላዋ ይለያታል። ስትቋረጥ ተስፋ አትቁረጡ፤ የጠፋው ክፍል በእንጨት አሸንዳ ላይ ሸለቆ ይሻገር ነበር ማለት ነው፣ ማዶውን በዚያው ከፍታ ፈልጉት።

ተራራው በማንኪያ የተቆረሰ መስሎ ገደሉ ራቁቱን ከቆመ ውሃ በግፊት ተረጭቶበታል። በካሊፎርኒያ ይህ ዘዴ በ1853 ተጀምሮ ሙሉ ኮረብቶችን አፍርሷል፤ ማላኮፍ የሚባለው ስፍራ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። የታጠበው አፈር የታች ወንዞችን ደልሎ እርሻ ስላጥለቀለቀ በ1884 ፍርድ ቤት ጥራጊውን ወደ ወንዝ መልቀቅ ከለከለ። ሮማውያን ደግሞ ከዚያ 1,800 ዓመት ገደማ ቀድመው በስፔን ላስ ሜዱላስ ተራራውን በስተውስጥ ቦርቡረው ውሃ በመልቀቅ ይንዱት ነበር። ቀይ ሾጣጣ ገደሎቹ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በሰፊ ሸለቆ ውስጥ ኩሬ የጣለባቸው፣ ጎን ለጎን የተጠማዘዙ ረጃጅም የጠጠር ክምሮች ከሆኑ ያለፈበት ተንሳፋፊ መቆፈሪያ ጀልባ ነው። ጀልባዋ ከፊቷ እየቆፈረች፣ ወርቁን በሆዷ ውስጥ እያጠበች፣ ጥራጊውን ከኋላዋ ትጥላለች፤ ኩሬዋንም አብራ እያንቀሳቀሰች ትሄዳለች። በካናዳ ክሎንዳይክ፣ በ1896 ወርቅ የተገኘበት የቦናንዛ ጅረት ሸለቆ በእንዲህ ያሉ ክምሮች የተሞላ ነው፤ «ቁጥር 4» የተባለችው መቆፈሪያም እዚያው ቆማ ትጎበኛለች። ክምሮቹ ላይ እስካሁን ዛፍ የማይበዛው ደቃቁ አፈር ከታች ቀርቶ ኮረቱ ከላይ ስለተደፋ ነው።

ወርቁ ከወንዝ አሸዋ ሳይሆን ከአለት የወጣ ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ነጭ የኳርትዝ ስብርባሪ፣ ተዳፋት ላይ በደረጃ የወረደ የድንጋይ መሠረት፣ በረድፍ የተተከሉ ወፋፍራም ብሎኖች። ይህ የድንጋይ መውቀጫ ነው። ተዳፋት የተመረጠው ማዕድኑ በራሱ ክብደት ከመውቀጫው ወደ ማጠቢያው እንዲወርድ ነው። ከሥሩ የትላልቅ ክብ ገንዳዎች አሻራ ካያችሁ ቦታው ከ1887 በኋላም ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ወርቅን ሳያናይድ በተባለ መርዛማ ኬሚካል የማሟሟቱ ዘዴ በግላስጎው የባለቤትነት መብት ያገኘው በዚያ ዓመት ነውና።

አንድ ደስ የሚል ስሌት እንጨምርላችሁ። ቆፋሪዎቹ አለቱ ውስጥ የፈለፈሉት ዋሻ አፍ ላይ ያለው የአለት ክምር የዋሻውን ርዝመት ይናገራል። አለት ሲሰበር ግማሽ ያህል ያብጣል፤ 150 ሜትር ኩብ ክምር ከ100 ሜትር ኩብ አለት ወጥቷል ማለት ነው። የዋሻው አፍ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ ርዝመቱም በትንሹ 33 ሜትር ይሆናል። በትንሹ ያልነው ከክምሩ ከፊሉ ተወቅጦ ወይም በጎርፍ ተወስዶ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ባትሪና የራስ ቁር አለን። ክፍት ዋሻ ብናገኝ 20 ሜትር ያህል ብቻ ገብተን ብንወጣስ?

መልስ፦ አትግቡ። 20 ሜትር «ብቻ» የሚለው ሐሳብ ራሱ የተገለበጠ ነው፤ በዋሻ ውስጥ ጣሪያው በጣም የላላው ዝናብ፣ ሥርና የሙቀት ለውጥ ዓመት ከዓመት የሚያገኘው የመግቢያው ክፍል ነው።

ባትሪ ጨለማን ያሸንፋል፣ አየሩን ግን አያሳይም። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክሲጅን አለው። የሚበሰብስ እንጨትና የሚዝግ የሰልፈር ማዕድን ኦክሲጅኑን ይበላሉ። ከ19.5 በመቶ በታች የሆነ አየር ለሠራተኛ ጎዶሎ ይባላል፤ ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ሰው ይህ ነው የሚባል ጭንቀት ሳይሰማው ራሱን ይስታል። ሻማ ይዞ መግባት የሚሉት የድሮ ዘዴም አያድንም። ሻማ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ወደ 16 በመቶ ገደማ ከወረደ በኋላ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለተባለው መርዛማ ጋዝም ምንም አይናገርም።

ወለሉም አይታመንም። ብዙ ዋሻዎች ከውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ አላቸው፤ ቆፋሪዎቹ በሳንቃ ሸፍነውት፣ በላዩ አፈር ተከምሮበት መንገድ ይመስላል። ሳንቃው ዛሬ በስብሷል። በውሃ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ኩሬ መስሎ ይጠብቃችኋል። በመጨረሻም ተረስቶ የቀረ ድማሚት አለ፤ ሲያረጅ ናይትሮግሊሰሪን የተባለው ፈንጂ ፈሳሹ እያላበ ይወጣና በትንሽ ንክኪ ይፈነዳል። ሳጥን፣ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ዱላ ወይም የመዳብ ቱቦ የሚመስል ፈንጂ ካያችሁ ሳትነኩ በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ቦታውን መዝግባችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

ቀጥ ብለው የሚወርዱት ጉድጓዶች ከዋሻዎቹ ይብሳሉ። ምልክታቸው በቀለበት ቅርጽ የተከመረ አፈር መሐል ያለ ሰርጓዳ ቦታ ነው፤ አፉ በቁጥቋጦ ሊሸፈን ይችላል። ጠርዙ ከሥር ተቦርቡሮ ከላይ ሣር የለበሰ ስለሚሆን «ጫፉ ላይ ቆሜ ልይ» ማለት አይቻልም። አፈር ክምሩን እንዳያችሁ ከውጭው ተመለሱ። ልጅ ካለ እጁን ያዙ።

ሰው ከወደቀ ወይም ዋሻ ውስጥ ከተዝለፈለፈ ተከትላችሁ አትግቡ። መጥፎ አየር ሁለተኛውንም ሰው ያስቀራል። የመሬት ውስጡን ማየት ለሚሻ አየሩ የሚለካባቸው፣ ጣሪያቸው የሚፈተሽባቸው በአስጎብኚ የሚታዩ ማዕድን ማውጫዎች አሉ። እነዚያ ውስጥ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ በበጋም ቢሆን ሹራብ ያዙ።

ጥያቄ፦ መንገዳችን ወንዙን አራት ጊዜ ያቋርጣል። ድልድይ የለም። መሻገር የምንችል መሆናችንን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ጥልቀትና ፍጥነት አንድ ላይ ይታያሉ። የውሃ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጣም ፈጣን ውሃ ቁርጭምጭሚትን ትንሽ ብቻ አልፎ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ እንኳ አዋቂን ሊጥል ይችላል። እንጨት ጣሉበትና አብራችሁ በዳር ሂዱ። እንጨቱ በተለመደ እርምጃችሁ ከቀደማችሁ ጉልበት የሚደርስ ውሃ አትግቡ። ከጉልበት በላይ ለሆነ ፈጣን ውሃ ደግሞ ልምድ የሌለው ቡድን መልሱ አንድ ነው፦ አይሻገርም።

መልካውን ስትመርጡ ጠባቡን አትውደዱ። ወንዝ የጠበበበት ቦታ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ተዘርግቶ በበርካታ ቅርንጫፍ የሚፈስበት ሰፊ ቦታ ይሻላል። የኩርባው ውጨኛ ዳር ገደል ስለሚሆን መውጫ ያሳጣል። ከሁሉ በላይ ከመሻገሪያው በታች ምን እንዳለ ተመልከቱ፤ ፏፏቴ ወይም ውሃው መሐል የተጋደመ ዛፍ ካለ ቦታው ጥልቀቱ ምንም ቢሆን ይቅር። ዛፉ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ግን ቅርንጫፉ ላይ ይዞ ያስቀራል።

ጫማችሁን አታውልቁ፤ ካልሲውን አውልቃችሁ ጫማውን መልሳችሁ አጥልቁ። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፣ ከወደቃችሁ መጣል አለባችሁ። ትከሻ የሚደርስ ጠንካራ ምርኩዝ ያዙ። ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙራችሁ፣ ምርኩዙን ከፊታችሁ ተክላችሁ፣ በጎን በኩል ትንሽ ወደ ታች እያጋደላችሁ ተሻገሩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንቀሳቀሳል፦ ምርኩዙ ወይም አንዱ እግር። ብዙ ከሆናችሁ ጠንካራው ሰው ከላይ በኩል ሆኖ ክንድ ለክንድ ተያይዛችሁ፣ ከወንዙ ፍሰት ጋር ትይዩ በሆነ ረድፍ ግቡ። ገመድ ወገብ ላይ ማሰር ግን ክልክል ነው። የተጎተተ ገመድ የወደቀውን ሰው ከውሃው ሥር ይዞት ይቀራል።

ውሃው ከወሰዳችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁ ወደ ታችኛው ፍሰት፣ የእግር ጣታችሁ ከውሃው በላይ ይሁን። በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ ወደ ዳር ተጠጉ። ውሃው ከጉልበት በታች እስኪሆን ድረስ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በሁለት ድንጋይ መሐል ከተያዘ ፍሰቱ ቀሪውን ሰውነት ይደፋዋል።

አራቱም መሻገሪያ ጠዋት ጎደሎ ስለነበረ ማታም እንዲሁ ይሆናል አትበሉ። ላይ የዘነበ ዝናብ ሰማያችሁ ጠርቶ ሳለ ይደርሳል። ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ሲጀምር፣ የተቀመጣችሁበት አሸዋ ጫፍ ሲረጥብ ወይም ከላይ ጉምጉምታ ሲሰማ እቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታው ውጡ። ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል መሮጥ ደራሽ ጎርፍን አያመልጥም። ግድብ ካለበት ወንዝ ላይ ደግሞ ያለ ዝናብም ውሃ ሊለቀቅ ይችላልና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን አንብቡ። መመለሻው ከሞላ ጠብቁ። የዝናብ ጎርፍ በትንንሽ ወንዞች ላይ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ የቆረጣችሁት ትርፍ ሰዓትና ትርፍ ልብስ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆች አሉኝ። ወርቅ ማጠብ በተፈቀደበት ዳርቻ ልንሞክር ነው። ባለፈው ሌላ ቦታ ብንሞክርም ሁሉም አሸዋ አብሮ ፈሶ ባዶ ሳፋ ቀረን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምናልባት ሳታናውጡ አጠባችሁ። ሥራው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ወርቁን ወደ ሥር ማስመጥ፣ ቀጥሎ የላዩን ማፍሰስ። ብዙ ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል።

ወርቅ ከውሃ 19.3 ጊዜ ይከብዳል፤ ኳርትዝ አሸዋ 2.65 ጊዜ ብቻ። በደረቁ ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ነው። ውሃ ውስጥ ግን ሁለቱም የውሃውን ያህል ክብደት ስለሚያጡ ልዩነቱ ወደ አሥራ አንድ እጥፍ ይወጣል። ሳፋው ሁልጊዜ ከውሃ ሥር ይናወጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ለእርስዎ 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ጎኑ እርከን የተሠራለት የፕላስቲክ ማጠቢያ ይበቃል፤ ለልጆቹ 25 ሴንቲ ሜትሩ ይሻላል፣ ትልቁ እርጥብ አሸዋ ሲሞላ ክንዳቸውን ያዝላል። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ቀለም ወርቁን ያጎላል። አዲስ ከሆነ ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ በሳሙና እጠቡት። የፋብሪካ ቅባት ወይም የእጅ ቅባት ካለበት ደቃቅ ወርቅ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ያመልጣል። ሳሙናውን ወንዙ ውስጥ አትጠቀሙ።

የት ትዝቃላችሁ? ውሃ ጉልበቱ በሚደክምበት፦ በኩርባ ውስጠኛ ዳር፣ ከትልቅ ቋጥኝ በታች በኩል፣ ከሁሉ ይልቅ ወለሉ አለት በሆነበት ቦታ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ። ከላይ ያለው ልል አሸዋ ትናንት የመጣ ነው፤ ከባዱ ነገር ከሥሩ ነው። ከስንጥቁ በማንኪያ የተጫረ አንድ ኩባያ ጭቃ ከባልዲ ሙሉ የዳር አሸዋ ይበልጣል።

ሳፋውን ሁለት ሦስተኛ ሙሉ። ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ በእጃችሁ እሹት፣ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፤ ያልተሟሟ የሸክላ ጓል ወርቁን ይዞ ይወጣል። ትልልቁን ጠጠር አለቅልቃችሁ ጣሉ። አሁን ሳፋውን ደልዳላ ይዛችሁ ከውሃው ሥር ግራ ቀኝ በፍጥነት አናውጡ፣ ለ15 ሰከንድ ያህል። ይዘቱ እንደ ገንፎ መላወስ አለበት፤ ደርቆ ከቆመ ምንም አልሰመጠም። ከዚያ እርከኑን ከእናንተ ራቅ አድርጋችሁ ሳፋውን በትንሹ አጋድሉ፣ በውሃው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነከራችሁ የላዩን ሽፋን ብቻ አስወስዱ። ሦስት አራት ጊዜ ነክራችሁ መልሳችሁ አናውጡ። ይህ እየተደጋገመ ሁለት ማንኪያ ያህል ጥቁር አሸዋ እስኪቀር ይቀጥላል። ጀማሪን ለአንድ ሳፋ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሁለት ደቂቃ ከጨረሳችሁ ወርቁን አፍስሳችሁታል።

ጥቁሩ አሸዋ በአብዛኛው የብረት ማዕድን ነው፤ ከባድ ስለሆነ ከወርቁ ጋር ይቀራል። ጥቁሩ አሸዋ ሳፋው ሥር ተርፎ ወርቅ ከሌለ አጠባችሁ ደህና ነው፣ ቦታው ነው ባዶው። ጥቁር አሸዋም ካልቀረ አጠባው ነው። ልጆቹ ይህን መለየት ሲችሉ ጨዋታው ይገባቸዋል። ለሙከራ ከጥይት ቤት የወጡ፣ የተጠፈጠፉ አምስት የእርሳስ ፍንጣሪዎችን ከአሸዋው ጋር ደባልቃችሁ ስንቱ እንደሚተርፍ መቁጠርም ይቻላል፤ እርሳሱን ልጆቹ በእጃቸው አይንኩት፣ ወንዝም ውስጥ አይቅር፣ ቤት ውስጥ በገንዳ ላይ ብቻ ይሁን።

ለመጨረሻው ሁለት ማንኪያ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላይ አንዣብቡበት፤ ጥቁሩ ይነሳል፣ ላስቲኩ ሲገለበጥ ይወድቃል። ማግኔቱን በቀጥታ አሸዋው ውስጥ ከነከራችሁት ግን ደቃቁን ወርቅ በጥቁሩ መሐል አቅፎ ያወጣል። የቀረውን በትንሽ ውሃ እያሽከረከራችሁ በጅራት መልክ ዘርጉት፤ ቢጫው ከኋላ ይቀራል።

ግምታችሁን ግን ቀድማችሁ አስተካክሉ። እያንዳንዱ ጎኗ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ኩብ የወርቅ ቅንጣት 2.4 ሚሊ ግራም ትመዝናለች። አንድ ግራም ለመሙላት ከ400 በላይ ያስፈልጋሉ። በቀን አሥር ያገኙ ልጆች ጥሩ ቀን ነበራቸው።

የወንዙን ዳር አትናዱ፣ የዛፍ ሥር አትቆፍሩ፣ የቆፈራችሁትን ጉድጓድ መልሳችሁ ሙሉ። «የተፈቀደ» የሚለውንም በትክክል አረጋግጡ፤ የመሬቱ ባለቤት፣ የማዕድን መብቱ ባለቤትና የወንዙ ተቆጣጣሪ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ አካላት ናቸው። የአንዱ ፈቃድ የሌላውን አይተካም። አንዳንድ ቦታ ሳፋ ይፈቀዳል፣ አካፋ አይፈቀድም፤ ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ወቅት ደግሞ ወንዙ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሚያብረቀርቅ ነገር አግኝተናል። ወርቅ መሆኑን እዚያው በምን እንለያለን?

መልስ፦ በእጃችሁ ጥላ አጥሉበት። ወርቅ በጥላም በፀሐይም ያው ቢጫ ነው፤ ሚካ (የሚያብረቀርቅ ስስ ቅርፊት) እና ፒራይት (ወርቅ የሚመስል የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ጥላ ውስጥ ይደበዝዛሉ ወይም አዙራችሁ ስታዩዋቸው ይጠፋሉ። ሳፋውን አሽከርክሩ፤ ሚካ ቅርፊት ስለሆነ ከውሃው ጋር ይበራል፣ ወርቅ ግን ከሥር ተጣብቆ ይዘገያል። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ተጫኑት፤ ወርቅ ይሰረጎዳል፣ ፒራይት ይሰበራል። ባልተቀባ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፋቅ ወርቅ ቢጫ መስመር፣ ፒራይት አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጥቁር መስመር ይተዋል። መንከስ የሚሉትን ተዉት፤ ጥርስን ይጎዳል፣ ድንጋዩም ምን እንደነካው አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ከአሮጌው መውቀጫ በታች ያለው ጅረት ብርቱካን ቀለም አለው። በሳፋችን ውስጥ ደግሞ የብር ጠብታ የመሰለ ነገር አገኘን። አደገኛ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ከቁፋሮው የቀሩ ናቸው። ብርቱካኑ ዝገት ነው። ከመሬት የወጣ ፒራይት አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ከአለቱ ብረትና ሌሎች ማዕድናትን ያሟሟል። ዝገቱ ለዓይን ይታያል፣ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ግን አይታይም፤ እሱም ከወርቅ ጋር አብሮ በብዛት የሚገኝ ነው። ኩልል ያለ ጅረትም ስለዚህ ዋስትና አይሆንም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አርሴኒክ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጨምረዋል። የተለመደው የመንገደኛ ማጣሪያም አይይዘውም።

ከመውቀጫው ሥር ያለው ግራጫ ወይም ነጣ ያለ፣ ሣር የማይበቅልበት ደቃቅ ዱቄት የተወቀጠው ድንጋይ ዝቃጭ ነው። ልጆችን አሸዋ መጫወቻ መስሎ ይስባቸዋል። አትቀመጡበት፣ አትብሉበት፣ ነፋስ ባለበት ቀን ከነፋሱ በላይ በኩል እለፉ፤ ወደ ምግብ ከመሄዳችሁ በፊት ካመጣችሁት ውሃ እጃችሁን ታጠቡ። ጫማውን መኪና ውስጥ በላስቲክ አስገቡት።

የብር ጠብታው ባዜቃ (ሜርኩሪ) ነው። ደቃቅ ወርቅን ስለሚይዝ በማጠቢያ አሸንዳዎች ውስጥ ይፈስ ነበር፤ ከፊሉ አምልጦ በአለት ስንጥቅ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በእጅ አትንኩት፣ ወደ ወንዙም አትመልሱት። ከጥቂት ውሃ ጋር ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አስገብታችሁ ላዩ ላይ ጽፋችሁ ለአካባቢው የአደገኛ ቆሻሻ ተቀባይ አስረክቡ። ነጭ የለበሰ ወርቅ ካገኛችሁም ባዜቃ ጠጥቷል፤ «በምድጃ አነጣዋለሁ» ብላችሁ እንዳታስቡ። የባዜቃ እንፋሎት ሽታ የለውም፣ የሚገባውም በሳንባ በኩል ነው፤ በቤት ውስጥ ማጋል ቤተሰቡን ሁሉ ይመርዛል።

ጥያቄ፦ የዛገ ሚስማር፣ የድሮ ጠርሙስ፣ የመውቀጫ ብረት ቁራጭ መሬት ላይ ተጥሎ አየን። ማንም የማይፈልገው ከሆነ ለማስታወሻ ብንወስድስ?

መልስ፦ በብዙ አገሮች ሕግ ይህ ቅርስ ማንሳት ነው፣ የተጣለ ዕቃ መልቀም አይደለም። ሕጉን ትተን እንኳ ሚስማር ዋጋ ያለው በተኛበት ቦታ ነው፤ በእጅ የተቀጠቀጠ ባለ አራት ማዕዘን ሚስማርና ክብ የሽቦ ሚስማር ጎን ለጎን መገኘታቸው ቤቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደታደሰ ለአጥኚ ይነግረዋል። ኪስ ውስጥ ሲገባ ዝገት ብቻ ነው።

ፎቶ አንሱት፦ አንዱን ከቅርብ፣ መጠን እንዲታወቅ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ሌላውን ከአሥር እርምጃ ርቀት ዙሪያውን እንዲያሳይ። ያልተመዘገበ የሚመስል ነገር ከሆነ ከስልካችሁ የቦታውን ቁጥር ገልብጣችሁ ለአካባቢው ሙዚየም ወይም ለቅርስ ቢሮ ስጡ። ቁጥሩን ማኅበራዊ ገጽ ላይ አትለጥፉ፤ ብረት ለቃሚዎችም ያነቡታል። ክፍት ጉድጓድ አጥር ሳይኖረው ካገኛችሁ ደግሞ የመሬቱን ባለቤት ወይም የማዕድን መሥሪያ ቤቱን በዚያው ቀን አሳውቁ፤ ከፎቶው ጋር የአፉን ግምታዊ ስፋትና ከእግር መንገዱ ያለውን ርቀት ከጻፋችሁላቸው ቶሎ ያገኙታል።